መጠጥ ለተወው ሰው ዋሱ ማን ነው?

በግቢያችን ስለ ስካር ሲነሣ አንዱ ይገሥጻል፤ ሌላው ከንፈሩን ይመጣል። ሁለቱም የሚያስቡት ሰውዬው ጠርሙሱን ስለሚያስቀምጥባት ቀን ነው። እኔ በዚህ ገጽ ላነሣ የምወደው ግን ከዚያች ቀን በኋላ ያለውን ነው፤ ይኸውም መጠጥ የተወ በረንዳ አዳሪ በማግሥቱ ማታ ወዴት ይገባል?

መተዉም ቢሆን ቀላል አይደለም። ብዙ ዓመት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንድ ጊዜ ቢያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፤ የሚጥል በሽታ እንደ ያዘው ሰው የሚንፈራገጥም አለ፤ ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «ወንድ ከሆንህ ዛሬውኑ ተው» የሚለው ምክር አደገኛ ነው፤ ወደ ሐኪም ይዞት መሄድ ይገባል።

ይህን ሁሉ አልፎ ከአማኑኤል ሆስፒታል የወጣ ወይም እንጦጦ ወጥቶ አንድ ሁለት ሱባዔ በጠበል የሰነበተ ሰው እናውቃለን። በጠበሉ ስፍራ ሳለ ይበረታል። ከጸሎቱ ጋር ማደሪያ አለው፤ ማለዳ የሚቀሰቅሰው ሰው አለ፤ ቀኑም ሥርዐት አለው። ሲመለስ የሚያገኘው ግን ያንኑ በረንዳ፣ ያንኑ ብርድ፣ እነዚያኑ ጓደኞች ነው። በሐምሌ ሌሊት ካርቶን አንጥፎ የሚተኛ ሰው አንድ መለኪያ አረቄ ቢጨልጥ ለደስታ ብሎ ነውን? (ሙቀቱም ውሸት ነው፤ አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ እየሳበ የሰውነቱን ሙቀት ያስወጣበታል።) ከመካከላችን ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ የሚገባው ተማሪ ሰኞ ክፍል የሚገኘው ከዚያ ሰው ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዶርም ስላለው ነው።

«ሠርቶ ይደር» እንል ይሆናል። መልካም። ቀጣሪው መታወቂያና ዋስ ይጠይቀዋል። የቀበሌ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል፤ የፋይዳ ቁጥር ቢያወጣም ማንነቱን ይመሰክርለታል እንጂ ማደሪያ አይሆነውም። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ደመወዝ ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው፤ መጠጥ ግን ከገንዘብ ቀጥሎ የሚወስደው ዘመድንና ወዳጅን ነው። ዕቁብ ልግባ ቢል ዋስ፤ ዕድር ልግባ ቢል አድራሻ። ባገራችን ሰው ኑሮው የሚጸናው በሚያውቁትና በሚፈርሙለት ሰዎች ነው። የሚፈርምለት የሌለው ሰው ስካሩን ቢተወውም ከደጅ ቆሞ ይቀራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በኒው ዮርክ ሳም ሴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ የተለመደውን ቅደም ተከተል ገለበጠው። የአእምሮ ሕመም ላለባቸው የጎዳና ነዋሪዎች «አስቀድማችሁ መጠጥ ተዉ» ሳይል የቤት ቁልፍ ሰጣቸው፤ ሕክምናውን አስከተለ። ፊንላንድም ከ2008 ጀምሮ የሌሊት መጠለያዎቿን ወደ ኪራይ ቤትነት መለወጥ ያዘች። ከ2009 እስከ 2013 በካናዳ 5 ከተሞች ከ2,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይኸው አሠራር ሲመረመር፣ ቤት ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ተገኙ። መጠጡን ግን ቤቱ ብቻውን አላስተዋቸውም፤ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ብዙም አልተለዩም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቤት መድኃኒት ነው አላልሁም፤ መድኃኒቱ የሚዋጥበት ስፍራ ነው እንጂ።

«ሠራተኛው ቤት ባጣበት ከተማ ለሰካራም ቤት?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም አፓርታማ አልጠየቅሁም። የማኅበራችን የበጎ አድራጎት ኮሚቴ በየዓመቱ አሮጌ ልብስ ይሰበስባል፤ ልብሱም ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ተሽጦ አረቄ ይሆናል። በዚያ ድካም ፋንታ ከሕክምና ለወጡ 2 ሰዎች የ3 ወር የአንዲት ክፍል ኪራይ ይክፈል። ለሥራም ካፊቴሪያውና አትክልት ስፍራው እዚሁ አሉ፤ የጎደለው ዋስ ነው። ክቡራን መምህራን ሆይ፣ እናንተ ደመወዝተኞች ናችሁ። ዕዳው ባንድ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ለአንዱ ሰው 5 ሆናችሁ ፈርሙ፤ እኛም ተማሪዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን መጠባበቂያ እናስቀምጣለን።

ቢወድቅስ? ሊወድቅ ይችላል፤ ከመጽናታቸው በፊት ደጋግመው የሚወድቁ ብዙዎች ናቸው። በወደቀ ማግሥት ግን ክፍሉን አንንጠቀው፤ ሐኪሙ ዘንድ መልሰን እንውሰደው።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲታይ ለጸሐፊው አመልክቻለሁ። ለመፈረም የሚፈቅዱ መምህራን ከስብሰባው በፊት ስማቸውን በማኅበሩ ቢሮ እንዲያስመዘግቡ እለምናለሁ።