በፈረሳ ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ

ሰሞኑን በተረኛነት ስሠራ ሃያ ዓመት ግድም የሆነው ወጣት እግሩ ተሰብሮ መጣ። ምን እንደገጠመው ስጠይቀው «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለኝ። ፀጉሩና ቅንድቡ ግን በሲሚንቶ አቧራ ነጥቷል። ካርድ ያወጣለት ፎርማን ዞር ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ፤ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አሮጌ መጋዘን ሲያፈርሱ ግድግዳ ተንዶበት ነው። እንዲህ ያለው ድብብቆሽ ሕክምናንም መብትንም ይጎዳል።

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን አካባቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመዲናችን የኮሪደር ልማት ሲስፋፋ የማፍረስ ሥራም በዝቷል። ማፍረስ ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል። ሆኖም አንዱ የህንጻ አካል በተነሳ ቁጥር ጭነቱ ወደ ሌላው ስለሚዛወር ከመገንባት ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አደጋው ከየት ይመጣል? በእጅ ሲፈርስ ከላይ ወደ ታች መውረድ ሲገባ፣ ፌሮውንና ብሎኬቱን ቶሎ ለመሸጥ ሲባል ግድግዳው ከሥር ይቦረቦራል። ደጋፊ ያጣው ሶሌታ ሳይታሰብ ይወርዳል። መብራት ሳይቋረጥ ሥራ ይጀመራል። ላይ ሰው እያፈረሰ ታች ሌላው ይለቅማል። በሸበጥ የሚሠራውን ሚስማር ይወጋዋል። ሳይረጠብ የሚቦነው አቧራም ቀስ በቀስ ሳንባን ያጠቃል።

አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ ቦታው ሌላ ናዳ እንደማያስከትል ያረጋግጡ። ወደ 907 ወይም 939 ይደውሉ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙ፤ የተሰካ ፌሮ ግን አይንቀሉ። ከከፍታ የወደቀን ሰው ሌላ አደጋ ካላሰጋው በስተቀር አንጠልጥለው አያንሱ፤ የአከርካሪ ጉዳት ሊብስበት ይችላል። ፍርስራሽ ለረጅም ጊዜ የተጫነው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ። ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ንጥረ ነገር ኩላሊትን ያውካልና ሽንቱ ከጠቆረ አጣዳፊ ነው። ሚስማር የወጋው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ።

ለሐኪሙ የት፣ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደተጎዱ ሳይደብቁ ይንገሩ። ምን እንደወደቀብዎት ሳናውቅ የምንመረምረውን ልንስት እንችላለን። ካርድዎ ላይ የሚሰፍረው ቃልም ነገ ማስረጃዎ ነው። «ቤት ውስጥ ወደቀ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ወደ ሕክምና ማድረስና ወጪውን መሸፈን ግዴታው ነው። መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ከደረሰ መጠኑ በሕክምና ቦርድ ተወስኖ ካሣ ይጠየቃል። የቀን ሠራተኛ መሆንም ሆነ የጽሑፍ ውል አለመኖር በራሱ መብቱን አያስቀርም፤ ቅጥሩ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ ሊያደርገው ይችላል። የተሰጠዎትን ሄልሜትና ጓንት ያድርጉ፤ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ።

ከተጎዱ የሕክምና ወረቀትዎን ኮፒ ያስቀምጡ፤ አብረዎት የነበሩትን ስልክ ይያዙ። አሠሪው እምቢ ካለ ለክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። ክስ የጊዜ ገደብ ስላለው «እስኪሻለኝ» ብለው አይዘግዩ።

ያ ወጣት በመጨረሻ እውነቱን ካርዱ ላይ አስጽፏል። እግሩ እስኪጠገን ወራት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ የሚበላው ግን በዚያች አንድ መስመር ላይ ሊመሠረት ይችላል።