ግንባሩ ላይ ብር፣ እግሩ ደጃፍ ላይ

«ባህላችን፣ ባህላችን» እያልን ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ እንጮኻለን። ባለፈው ጥር ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ከጎንደር በአውቶቡስ የመጣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲያስጨፍረን አመሸ። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይጠፋል፤ የዓመት እንጀራው የሚሰበሰበው በነዚህ ሳምንታት ነው። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍንለት። ራት ሲደርስ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ በላ።

«ምን አለበት፣ አዝማሪ እኮ ነው!» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን ጥበብ ለብሶ። (ሸማኔውንም በሙያው ስም እንደምንሰድበው ልብ ይሏል።)

ጣልያን በወረራው ዘመን አዝማሪን ግጥሙን ፈርቶ ገደለው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር አሜሪካን የዞረው ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ ማሲንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ ነበር። ፈረንጁ ቁጭ ብሎ ተማረ፤ እኛ ወንበር ነፈግን።

እኔስ ብትሉ? ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ሰምና ወርቅን የማስረዳው በአዝማሪ ግጥም ነበር፤ ፈተናም አወጣሁበት። ከባለቤቶቹ አንዱን እንኳ ክፍሌ ገብቶ እንዲያስተምር አልጠራሁም። የዚያን ምሽትም አፌን ዘግቼ ክትፎዬን በላሁ።