ሽጉጥ ለማሳየትም ወግ አለው

ከሸኖ፣ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ በኩል ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ በከተማይቱ ምሥራቃዊ በር ይገባል። በዚሁ በኩል የሚገኙት ሳሊተ ምሕረት፣ ሲ.ኤም.ሲ.ና አያት ሩቅ ባልሆነ ጊዜ በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበሩ ሲሆኑ ዛሬ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየምና በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ሞልቶባቸዋል። ይሁን እንጂ በነዚህ ቤቶች የሚኖረው ቤተሰብ ከገጠር ዘመዱ አልተቆራረጠም። ማርና ቅቤ ይዞ የሚመጣ አጎት አለ፤ ለክስ ጉዳይ የሚመጣ ወንድም አለ፤ ልጅ ለመዳር የሚመጣ አማች አለ። ከነዚህም መካከል ጠመንጃውን በቤቱ ትቶ ሽጉጡን ከኮቱ ሥር ሻጥ አድርጎ የሚመጣ አይጠፋም። ስለሆነም ጉዳዩ የከተማ ብቻ ነው ተብሎ ለሌላ ዓምድ የሚተው አይደለም።

በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ልናነሣው የፈለግነው መሣሪያ መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር አይደለም። ያን የሚወስነው ሕግ ነው። የሰው ዐይን እምብዛም ያላረፈበት ነገር ግን አለ፤ እርሱም ተደብቆ የተያዘው ሽጉጥ ለሰው ሲታይ ምን እንደሚደረግ ነው። ጥይት ሳይታሰብ የሚወጣው በጠብ መካከል ብቻ አይደለም። ምግብ ተበልቶ፣ ጠላና አረቄ ቀርቦ፣ ጨዋታ ደርቶ ሳለ «ጋሼ፣ እስቲ ያችን ነገር ልያት» ተብሎ ሲጠየቅና «አትፍራ፣ ባዶ ናት» ተብሎ ሲሰጥም ይወጣል።

በገጠሩ ኅብረተሰባችን ዘንድ መሣሪያ የክብር ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽርና ዲሞትፎር እያሉ በየስሙ ይጠሩት ነበር፤ በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛ አርሶ አደርም ጥቂት አይደለም። በክብር የተያዘ ዕቃ ደግሞ መታየቱ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው እንደነበረ ይታወሳል። ሽጉጥ በነገሥታት መካከል እንኳ የሚበረከትና የሚታይ ዕቃ ከነበረ፣ አንድ ገበሬ በልፋቱ ያገኘውን ለወዳጁ ላሳይ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን የቀድሞው ልማድ ክብሩን ብቻ ሳይሆን ሥርዐቱንም ይዞ ነበር። ጠመንጃ በትከሻ የሚንጠለጠል ግልጽ ዕቃ በመሆኑ ማን እንደያዘ ሁሉም ያያል። እንግዳ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ጠመንጃውን ተቀብሎ ከምሰሶ ወይም ከግድግዳ ይሰቅልለታል፤ ይህም አክብሮት ሲሆን በዚያው ልክ መሣሪያውን ከመጠጡና ከጨዋታው ያርቀዋል። ወደ ሰው ማነጣጠር በቀልድም ቢሆን ነውር ነበር። ታጥቆ ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባም አልነበረም። ልጅ አባቱ ሳያዝዘው አይነካም። እርግጥ ነው፣ የድሮው ሁሉ መልካም ነበር አንልም፤ በሠርግና በልቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ሲወርድ የት እንደሚያርፍ ያሰበ እምብዛም አልነበረም፤ ዛሬም በየቦታው ያለ ችግር ነው።

ሽጉጥ ይህን ሥርዐት አፍርሶታል ለማለት ይቻላል። በወገብ ተደብቆ ስለሚገባ ባለቤቱ ተቀብሎ የሚሰቅልበት አጋጣሚ የለም። እንግዳው ከነሽጉጡ ይበላል፣ ከነሽጉጡ ይጠጣል፣ ልጆች ከነሽጉጡ ጉልበቱ ላይ ይወጣሉ። መታየት ያለበት በመጀመሪያ፣ በበሩ ላይ፣ በባለቤቱ ፊት ሆኖ ሳለ፣ የሚታየው በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ሞቅ ካለው በኋላ ይሆናል። አሳሳቢውም ይኸው የቅደም ተከተል መገልበጥ ነው።

የሽጉጥ ቁጥር መበራከት ነገሩን አባብሶታል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በቱርክ አገር የተሠሩ ሽጉጦች በኮንትሮባንድ ሲገቡ በየጊዜው ይያዙ እንደነበር በዜና ሰምተናል፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተቀሰቀሰው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መሣሪያን በሰው እጅ አብዝተዋል። ከዚህ የተነሣ ሽጉጥ የሚይዘው በውትድርና ሠልጥኖ ማካሮቭ መፍታትና መግጠም የተማረ ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ገዝቶ በወገቡ ካዋለ በኋላ አንድም ቀን ያላስተማረው ሰው ብዙ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ፣ ማን እንደፈታው የማይታወቅ ሽጉጥ ደግሞ ከእጅ ቢወድቅ እንኳ ላለመተኮሱ ዋስትና የለውም።

ለአደጋው ዋናው ምክንያት አንድ ያለማወቅ ነው፤ እርሱን ጠጋ ብለን እንመልከተው። ብዙ ሰው ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ሆኗል ብሎ ያምናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የማካሮቭ ካዝና 8 ጥይት ይይዛል፤ ባለቤቱ ቀድሞ አቀባብሎት ከነበረ ግን አንዲት ጥይት ከካዝናው ወጥታ በርሜሉ ውስጥ ጎርሳለች። ካዝናው ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ይህች የጎረሰች ጥይት ከቦታዋ አትነቃነቅም። ተመልካቹ ሽጉጡን ተቀብሎ፣ ክብደቱን መዝኖ፣ ቃታውን ሳብ ሲያደርግ ያን ጊዜ ትወጣለች። «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለው ቃል የሚነገረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ሌላው ስሕተት የቅደም ተከተል ነው። አንዳንዱ መጀመሪያ ላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ የጎረሰችውን ጥይት ያወጣል፤ ቀጥሎ ካዝናውን ይነቅላል። ይህ ሰው ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ብረቱን ሲለቀው ካዝናው ገና በቦታው ስለነበረ ሁለተኛዋን ጥይት አጉርሷል። ስለዚህ ካዝናው መጀመሪያ መነቀል አለበት፤ ብረቱ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ስቦ መተውም አይበቃም፤ ብረቱ ወደ ኋላ እንደተያዘ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዐይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ጫፍ መዳሰስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደረግ አመልካች ጣት ከቃታው ውጭ በጎን ተዘርግቶ ይቆያል፤ አፈሙዙም ሰው ወደሌለበት ይዞራል።

«ሰው ወደሌለበት» የሚለው በገጠርና በከተማ አንድ ትርጉም የለውም። በገጠር ደጅ ወጥቶ አፈሙዙን ወደ ለስላሳ አፈር ማዞር ይቻላል። በሳሊተ ምሕረት ግን ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ጥይት ሲመታው ነጥሮ ወደ ሰው ይመለሳል። የቆርቆሮ አጥር የማካሮቭን ጥይት አያቆመውም፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ አለ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አለ። በኮንዶሚኒየም ከሆነ ከግድግዳው ማዶም ከላይም ከታችም ጎረቤት አለ። የማካሮቭ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ማንም ዞር ብሎ የሚያመልጠው አይደለም። እንግዲህ በከተማ ቤት ሳሎን ውስጥ ሽጉጥ ለማሳየት የሚመች አቅጣጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኛ እንደምናየው፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ሳሎን ፈጽሞ ባይታይ ይሻላል።

የግድ መታየት ካለበት፣ ለምሳሌ ወንድም ለወንድሙ በአደራ ሊያስቀምጥ ቢፈልግ፣ ልጆች በሌሉበት፣ መጠጥ ባልተቀመሰበት፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው ይሁን። ባለቤቱ ከላይ በተባለው አኳኋን ባዶ አድርጎ፣ ጥይቱንና ካዝናውን ለብቻ አስቀምጦ፣ ሽጉጡን ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈው። ተመልካቹ ያነሣዋል። ሲያነሣም በባለቤቱ ቃል ብቻ አይተማመን፤ ብረቱን ስቦ ራሱ ይይ። «አላመነኝም» ብሎ ቅር የሚለው ባለመሣሪያ ካለ ሽጉጡ ለእርሱ ገና ነው። መሣሪያ ጠንቅቀው በሚያውቁ ወታደሮች ዘንድ የሰጠውም ባዶ አድርጎ ይሰጣል፣ የተቀበለውም እንደገና ያያል፤ ሁሉም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል የሚለውም መመሪያ በብዙ አገር ለሠልጣኝ የሚሰጥ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ያየው ሰው ቃታ ስቦ መሞከር አይገባውም፤ አይቶ ከጨረሰ በነበረበት ያሳርፈዋል። ባለቤቱም ጥይት መልሶ የሚያጎርሰው በሰው ፊት አይሁን።

ሁሉንም ሸክም በባለመሣሪያው ላይ መጣል ግን ትክክል አይደለም። ያለ ጠያቂ የሚያሳይ ጥቂት ነው። «ምን ይዘሃል?» «ስንት ገዛኸው?» «ልተኩስበት?» እያለ የሚጎተጉተው ተመልካች የጥፋቱ ተካፋይ ነው። የሰው ቦርሳ ከፍቶ ገንዘብ መቁጠር ነውር እንደሆነ ሁሉ በሰው ወገብ ያለውን መጠየቅም ነውር ሊሆን ይገባዋል። የቤቱ እመቤትም ብትሆን «አጎቴ፣ እዚህ ልጆች አሉ፤ ወደ ጓዳ ገብተው በሣጥን ይቈልፉልኝ» ብትል እንግዳ አዋረደች አያሰኛትም። ያች የሣጥን ቁልፍ የቀድሞዋን ምሰሶ ሥራ ትሠራለች።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ማሳየት አለ፤ እርሱ ከአለማወቅ የሚመጣ አይደለም። በድንበር ክርክር፣ በዕቁብ ጭቅጭቅ ወይም በታክሲ ወረፋ ላይ ኮቱን ገለጥ አድርጎ የሽጉጡን እጀታ ብቻ የሚያሳይ ሰው ምንም ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ሁሉም ሰምቶታል። ይህ ዛቻ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ ደብቆ እንዲይዝ በሚፈቀድባቸው ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እንኳ ሰውን ለማስፈራራት መሣሪያን ማሳየት በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚህም ሌላ እጀታውን ያሳየ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ሽጉጥ እንዳለው የታወቀ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌባ የሚጠብቀው ለገንዘቡ ሳይሆን ለሽጉጡ ሊሆን ይችላል።

ሕጉንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ ለተመዘገበው ሰው የተሰጠ ነው እንጂ «ለአንድ ሌሊት አውሰኝ» ለሚል አማች አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ደንግጓል። ቅጣቱ ለአንዳንዱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለሠርግ መጥቶ የእኅቱን ልጅ በሬሳ ሣጥን ያስወጣ አጎት ከእሥር ቤት ቢወጣም ወደዚያ ቤት በየትኛው ፊቱ ይገባል? በገጠር ደግሞ የደም ነገር በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተቈርጦ፣ ከብቱ ተሸጦ፣ አንዳንዴም ማሳው ጦም እያደረ ዓመታት ይወስዳል። አንዲት ጥይት ሁለት ቤተሰብ ከእርሻው ታፈናቅላለች።

ታዲያ ትምህርቱን ማን ይስጥ? የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ሲያስተምሩ በዚያው ጉባኤ መሣሪያ የሚያውቅ የአካባቢው ፖሊስ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው የሚበቃ ነው። በሳሊተ ምሕረትና በአካባቢዋ ያሉ እድሮችም ድንኳንና ወንበር እንደሚያከራዩ ሁሉ የሚቈለፍ የብረት ሣጥን ከዕቃቸው ጋር ቢጨምሩ፣ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ ድንኳን ሲጣል ከገጠር የመጡት እንግዶች መሣሪያቸውን ገና በደጅ ለታወቀ ሰው ቢያስረክቡ፣ ሲሄዱም ቈጥረው ቢረከቡ ማንም አይቀየምም። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም አመልካቹን ስሙንና አድራሻውን ከጠየቀው በኋላ አንድ ባዶ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ «ባዶ መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? አሳየኝ» ይበለው። መጀመሪያ ካዝናውን የነካ ፈቃዱን ይውሰድ፤ መጀመሪያ ቃታውን የነካ ተምሮ ይመለስ።