በሦስት ቀን የሚያጠፋው ክሬም



ከሁለት ዓመት በፊት የቅርብ ጓደኛዬ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አገጬና ጉንጬ በብጉር ተሞላ። ሚዜ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ እንደ ጎረምሳ ብጉር ማውጣቴ አናዶኝ፣ የሠርጉ ፎቶም አሳስቦኝ አንድ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ምንም ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ዕቃ የተሞላ ክሬም ሰጠችኝ። "በሦስት ቀን ያጠፋልሻል" አለችኝ። አልዋሸችም። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ጠፋ፣ ፊቴ ለሰለሰ። ሠርጉ ካለፈ በኋላም ወድጄው ለሦስት ወር ተቀባሁት። ባቆምኩ በሳምንቱ ግን ፊቴ በርበሬ መሰለ፤ ብጉሩም ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። "በሦስት ቀን" የሚለው ቃል ዕቃ እንዴት እንደሚያሸጥ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን እኔም ገዛሁ።

የቆዳ ሐኪሟ ፊቴን እንዳዩ የጠየቁኝ "ምን ነበር የምትቀቢው?" ብለው ነው። እንዲህ ቶሎ የሚያሳምሩ ክሬሞች ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለባቸው። ማሸጊያው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካነበባችሁ እሱ ነው። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለኤክዚማና ለመሳሰሉት ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ሲዘወተር ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል። ጽሑፍ የሌለውን ክሬም ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። ለወራት የተቀባችሁ ካላችሁ፣ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ታዲያ ቤታችን ሆነን ምን እናድርግ?

ጠዋትና ማታ፣ ላብ ካላበን በኋላም፣ ፊታችንን ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና እንታጠብ። በእጅ ብቻ፣ ሳንፈገፍግ። ብጉር የሚወጣው የቆዳ ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቆዳ ሲደፈን እንጂ ፊታችን ስለቆሸሸ አይደለም።

ፋርማሲ ገብታችሁ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠይቁ። በ2.5 በመቶው ጀምሩ፤ ማታ ማታ ስስ አድርጋችሁ ብጉር በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ተቀቡት። ካደረቃችሁ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ተጠቀሙ። የጨርቅ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ፎጣችሁና የትራስ ልብሳችሁ ነጭ ቢሆን ይሻላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ማንኛውንም የብጉር መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ፊት ላይ አይደረጉም፤ ቆዳ ያቃጥላሉ። ብጉር ማፍረጥም እንዲሁ ይቅር። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ብጉሩ በሳምንት ቢድን እንኳ የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። ፀጉራችሁን ቅቤ ወይም ቅባት ስትቀቡ ወደ ግንባራችሁ እንዳይወርድ ጠርጉት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ማስታወቂያ ላይ ብጽፈው ማንም አይገዛኝም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ብጉሩ ጠልቆ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው፣ ወይም በሦስት ወር የማይሻለው ከሆነ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ወላጆችም "ሲያድግ ይተወዋል" ብላችሁ አትለፉት፤ በብጉር የተነሳ ከሰው ፊት የሚሸሽ ልጅ አለ።

ያን ክሬም ሳልጥለው መሳቢያዬ ውስጥ ረስቼው ኖሯል። ባለፈው ሰሞን የ16 ዓመቷ ታናሽ እህቴ አግኝታው "ይሄ ለብጉር ይሠራል?" አለችኝ።

"ይሠራል፤ የሚያስከፍልሽ በኋላ ነው" አልኳትና ወስጄ ጣልኩት። ማግስቱን አብረን ፋርማሲ ሄድን። አሁን አምስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ በየቀኑ መስታወት ፊት ቆማ ትቆጥራለች።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ሰንብቱ።