የኮንሶ ኩሬ

በደቡብ ኢትዮጵያ ባለው በኮንሶ አገር ዝናም ያንሳል፤ ምድሩም ተራራማ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ በቁልቁለቱ ላይ በድንጋይ እርከን ይሠራሉ፤ የካቡም ቁመት በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሃርዳ የሚሉትን የውሃ ኩሬ በአንድነት ይቆፍራሉ፤ በአንድነትም ይጠርጋሉ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. ይህን አገር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ልጆች ሆይ፥ ኩሬውን ደለል ከሞላው ከብቱ የሚጠጣው ያጣል። «ደለሉን ሌላው ያውጣው» የሚል ሰነፍ በየአገሩ አይጠፋም፤ ውሃ ለመቅዳት ግን ከሁሉ ይቀድማል። እኔስ ሽማግሌዎች አይቆጡኝ እንጂ ለእነርሱም የምለው አለኝ። ድንጋይ የሚሸከም ጎረምሳ፥ ድንጋዩ ወዴት እንዲሆን በሚመከርበት ሸንጎ ደግሞ ሊጠራ ይገባዋል። ሳይጠየቅ የታዘዘ ሰው ወደ ሥራው እያዘገመ ይመጣል፤ ካቡንም አላልቶ ይክባል፤ ዝናም በመጣ ጊዜም ያ ካብ በታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ይናዳል።