ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ዛሬ ስለ አንድ ቁልፍ ነው የማወጋችሁ። ስለ ኮምፒዩተር ክፍል ቁልፍ።

ዜናውን መቼም ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። «ግምታቸው ይህን ያህል ብር የሆኑ ኮምፒዩተሮች ለእገሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በድጋፍ ተበረከቱ።» ርዕሰ መምህሩ ያመሰግናሉ፤ የወረዳው ኃላፊ ስለ ትውልድ ይናገራሉ፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ይጨበጨባል። ከዚያስ? ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ «ኧረ እነዚያ ኮምፒዩተሮች እንዴት ከረሙ?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ካጋጠማችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ።

እኔ ግን አንዴ ጠይቄያለሁ። ስለ ንባብ እንድናገር የጋበዘኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙ ይቆየን። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «የኮምፒዩተር ክፍልም አለን» አሉኝ በኩራት። እንይ ተባለ። ቁልፍ የለም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች። በመስኮት አየን። ኮምፒዩተሮቹ በረድፍ ተደርድረው፣ ድሮ ሳሎናችን ውስጥ እንደነበረው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሰዋል።

«ተማሪዎቹ መቼ መቼ ነው የሚገቡት?» አልኩ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ያበላሹታል!»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ሰውየውን ግን አልፈርድባቸውም። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ኮምፒዩተሩ በሞዴል 22 ወጥቶ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል። ክፍሉ አምስት ዓመት ተቆልፎ ቢከርም ቆጠራ ሲመጣ ንብረቱ ሙሉ ነው፤ ፈራሚውም «በአግባቡ ጠብቋል» ይባላል። ክፍሉ ተከፍቶ፣ ሦስት መቶ ልጅ ተምሮበት፣ ሁለት ኪቦርድና አንድ ማውስ ቢሰበርስ? ማብራሪያ ጻፍ ይባላል፤ ምናልባትም ከደመወዙ ይቆረጣል። ሦስት መቶ ልጅ መማሩን የሚመዘግብ ሞዴል ግን የለም። እንዲህ ያለ ደንብ አውጥታችሁ ቁልፉን ይዞ የሚሮጥ ሰው ስታገኙ ለምን ትገረማላችሁ? ሥርዓቱ ያስተማረውን ነው ያደረገው።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ነገር አይቻለሁ። ገጹ ያልተበላሸ መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ ነው። ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ጀርባው የተላጠ፣ በፕላስተር የተጠገነ፣ ጠርዙ የታጠፈ መጽሐፍ ይበዛዋል። ኮምፒዩተርም ያው ነው። ፊደሉ ከመነካት ብዛት የጠፋ ኪቦርድ ያለበትን ትምህርት ቤት አሳዩኝና እዚያ ትምህርት አለ እላችኋለሁ። ዳንቴል የለበሰውን ስታሳዩኝ ግን ያየሁት ዕቃ ቤት ነው።

ታዲያ ትምህርቱ አልቀረም! በጠመኔ ይሰጣል። «ኮምፒዩተር ማለት ዳታ ተቀብሎ፣ አቀናብሮ...» እየተባለ ይገለበጣል፤ የማውስ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣላል። ዋና በጥቁር ሰሌዳ ተምሮ ዓባይን የተሻገረ ሰው አላውቅም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ያሉት አባቶቻችን አንድ ነገር ገብቷቸው ነው፤ ሲይዙት እንጂ ሲያዩት አይለመድም።

ይኼ አዲስ በሽታ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ አስታውሱ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት መጥቶ፣ በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ጥግ ይይዛል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም፤ መብራት ቢሄድ ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል። በዚያን ጊዜም ተቀዳሚው ዕቃው ነበር፤ መምህሩ የዕቃው ረዳት። ከዚያ የተማርነው ምንድን ነው? ዛሬም «ስንት ኮምፒዩተር ገባ?» እንጂ «ማን ያስተምርበታል?» የሚል ጥያቄ አልሰማም።

«አንተ ደግሞ!» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ የተማሩ፣ ያነበቡ ሰዎች። «በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ልጁ ማንበብ ሳይችል ስለ ኮምፒዩተር ታወራለህ? መጀመሪያ ጠመኔ፣ መጀመሪያ ወንበር!» ጉዳቱን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። እነዚህ ወዳጆቼ የራሳቸውን ልጅ «መጀመሪያ ሒሳብህን አሻሽል» ብለው ላፕቶፕ ነፍገውታል? አልነፈጉትም! የእነሱ ልጅ ሁለቱንም አብሮ ይማራል። ተራ ጠብቅ የሚባለው የሰው ልጅ ነው።

ነገሩ የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። የተቆለፈው ክፍል የሚጎዳው ሁሉንም እኩል አይደለም። ቤቱ ኮምፒዩተር ላለው ልጅ ቁልፉ ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ለቡና ገበሬው ልጅ፣ ለእንጀራ ሻጯ ልጅ ግን ያቺ ክፍል የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ናት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። አስቡት እንግዲህ፦ አንዷ ማውሱን ሳታየው ታንቀሳቅሰዋለች፤ ሌላዋ ቀስቱ ወዴት እንደሄደ ስትፈልግ ደቂቃው ያልቃል። የተፈተነችው ፊዚክስ ነው ወይስ የአባቷ ኪስ?

ደግሞ የባሰውን ስሙ። ፈተናውን በኮምፒዩተር እናድርግ ስንል፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ራሱ እስከ 2017ቱ ፈተና ድረስ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ትምህርቶች አንዱ አልነበረም። በእኛ አገር ለፈተና የማይመጣ ትምህርት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ክፍለ ጊዜው ለማካካሻ ይሰጣል፤ መምህሩም የሌላው ክፍል ሞግዚት ይሆናል።

«ያበላሹታል» ለሚሉት አንድ ታሪክ ላስታውስ። በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን እንደታሸጉ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ሕፃናቱ ካርቶኑን ከፍተው መሣሪያውን አበሩት፤ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት። ከዚህ ተነሥቼ አስተማሪ አያስፈልግም አልልም፤ ብዙ ርቀት የሚወስደው አስተማሪ ነው። ግን እነዚያ ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት የታመኑበትን ዕቃ የእኛ የ11ኛ ክፍል ጎረምሳ ለምን አይታመንበትም?

«ኢንተርኔት የለም» ደግሞ ሌላው ሰበብ ነው። ኢንተርኔት ቢኖር መልካም ነው። ሳይኖር ግን የክፍሉን ውጤት በኤክሴል መደመር፣ የሚኒ ሚዲያውን ጋዜጣ በአማርኛ መተየብ ይቻላል። ዊኪፒዲያ እንኳ ሙሉው ተጭኖ መዳፍ በማትሞላ ዲስክ ይገባል። በአማርኛ መተየብ ያልኩት በከንቱ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ዲግሪ የጫነ ልጅ እናቱን «ሰላም ነሽ» የሚላት በላቲን ፊደል ነው። ማን አስተማረውና!

እንግዲህ ድጋፍ ለምትሰጡ ሁሉ፣ አገር ቤትም ሆናችሁ ባሕር ማዶ፣ ልመናዬ ይኼ ነው። ሌላ ካርቶን ከመላካችሁ በፊት አንድ መምህር አሠልጥኑ፤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ክፍሉን ከፍቶ ለሚውልበት አበል ቁረጡለት። ለሚሰበረው ማውስ በጀት ያዙለት። መብራት በሌለበት ስለ ሶላሩ አስቡ። ትምህርት ቢሮዎችም «ስንት ኮምፒዩተር አላችሁ?» የሚለውን ቅጽ ቅደዱትና «እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ተቀመጠበት?» ብላችሁ ጠይቁ። በትምህርት ላይ እያለ ለተሰበረ ዕቃ መምህርን ተጠያቂ የሚያደርገውን አሠራርም አንሡት።

ወላጆችም አትቀሩም። የፊታችን የወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለምና ስለ አጥሩ ከተነጋገራችሁ በኋላ አንዳችሁ ተነሡና ጠይቁ፦ «የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ልጄ መቼ ነው የምትገባው?» ቀንና ሰዓቱ በቃለ ጉባኤ ሳይያዝ አትቀመጡ።