ያልተቆጠረ በሽታ ተጠያቂ የለውም

ለአንድ ሕመም ሆስፒታል የገባ ወገን እዚያው ሌላ ሕመም ቢሸምት ተጠያቂው ማነው? እኛ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። ከመካከላችን ብዙዎች በየሆስፒታሉና በየአረጋውያን መጦሪያው በነርስነትና በረዳትነት ያገለግላሉ። ወላጆቻችንም በእነዚሁ አልጋዎች ላይ ይተኛሉ።

ጉዳያችን በተለምዶ ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦና ካንዲዳ የተባለው እርሾ ነው። ካንዲዳ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ሰውነት ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። ቱቦው ፊኛ ውስጥ ሲሰነብት ግን እርሾው በቱቦው ላይ ተጣብቆ መድኃኒት በቀላሉ የማይበግረው ስስ ሽፋን ይሠራል። በሽተኛው አንቲባዮቲክ ሲወስድ ደግሞ ተፎካካሪዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞቱና ሜዳው ለእርሾው ይለቀቃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው፣ በሆስፒታል ከሚያዙ የሽንት ኢንፌክሽኖች 75 በመቶ ያህሉ ከቱቦ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሜዲኬር ከኦክቶበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ፣ በቱቦ ሳቢያ ሆስፒታል ውስጥ ለመጣ የሽንት ኢንፌክሽን ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም አለ። እሰየው የሚያሰኝ እርምጃ ነበር። በጃንዋሪ 2015 ግን የሲዲሲ የመቁጠሪያ ደንብ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በሽንት ውስጥ የተገኘ እርሾ የቱቦ ኢንፌክሽን ተብሎ አይመዘገብም።

እውነቱን ለመናገር ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በሽንት የታየ እርሾ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የማያስከትል እንግዳ ነው፤ ሁሉንም በመድኃኒት ማጣደፍም ጉዳት አለው። ይሁን እንጂ ከ2015 በኋላ የወረደው አሃዝ ሁሉ የጥንቃቄ ድል ነው ብሎ መፎከር አይቻልም። የወንፊቱ ቀዳዳ ስለሰፋ ያመለጠም አለበት። አቅሙ በደከመ በሽተኛ፣ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ወይም የሽንት መተላለፊያው በተዘጋ ሰው ላይ እርሾው ወደ ኩላሊትና ወደ ደም ሊዘልቅ ይችላል። በ2009 ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ካንዲዳ ኦሪስ ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እጅግ አሳሳቢ ከሚባሉት ፈንገሶች ተርታ አሰልፎታል። ሰውነት ውስጥ የገቡ ቱቦዎችም ለእርሱ በር ከሚከፍቱት መካከል ናቸው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለሆስፒታልም ቢሆን ያው ነው። ቅጣት የማያስከትለው እርሾም ቢሆን ሊቆጠርና ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል እንላለን።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የመጀመሪያው መፍትሔ ውድ መድኃኒት ሳይሆን የማያስፈልግ ቱቦን ማውጣት ነው፤ በርካታ ሕሙማን ላይ እርሾው በዚህ ብቻ ይጠፋል። ቱቦውን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ መጠየቅ ግን የቤተሰብ መብት ነው። እናታችንን ልንጠይቅ ስንሄድ ሐኪሙን በየቀኑ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋታል ወይ?» እንበለው። በሙያው ያላችሁ ወገኖቻችንም ዘመድ ለሌለው በሽተኛ ይህንኑ ጠይቁለት። ሳይቃጠል በቅጠል!